ሱሉልታ ጥጆቿን የሸጠች ጊዜ

አዴ ብርቄን ሞተዋል ብዬ ነበር የማስበው። ባለፈው ጥር ሰበታ የልጅ ክርስትና ተጠርቼ፣ ከቡራዩ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ ነጠላዬን አራግፌ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ፣ ከጥግ በኩል የተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አሳላፊዋን ልጅ «ሻዩ ውስጥ የጨመራችሁት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። «ወተት ነው፣ እማማ» አለቻቸው። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «ይሄ ላም አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ በቆርቆሮ የሚመጣው ዱቄት ነበር። እኔ ግን በድምፃቸው አወቅኳቸው፤ አዴ ብርቄ ናቸው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀርቤ ሰላም ልበላቸው ብዬ አይደለም። ሳያዩኝ ተመልሼ ልውጣ ብዬ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ሱሉልታ መመለስ ይኖርብኛል። የአሁኗን ሱሉልታ ማለቴ አይደለም። አሁንማ ግንቡ፣ የብረት በሩ፣ ውሃ የሚጭነው መኪና፣ መንገዱን ሞልቶት መሬቱ ራሱ አይታይም። እኔ የማውቃት ሱሉልታ፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥታችሁ ማዶ ስትወርዱ ዓይን እስኪደክም ሣር ብቻ የነበረባት ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሜዳው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር ሰማያዊ መስኮት ያላት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ የወተት መሰብሰቢያ። እኔ ዘነበች የዚያ መስኮት ሠራተኛ ነበርኩ። ገና ጎህ ሲቀድ ገበሬው በአህያ፣ በፈረስ፣ በእግሩ ይመጣል። ወንዶቹ ከኮታቸው በላይ ጋቢ ደርበው፣ ሴቶቹ የላስቲክ ቦቲ ተጫምተው፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው። እኔ ከመርካቶ የገዛኋት አረንጓዴ ሹራብ ነበረችኝ፤ ክርኗ እስኪሳሳ ለብሻታለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ፓስቲ በስሙኒ ይሸጣል። አንድ ቴፕ ነበረችው፣ ሁልጊዜ ያንኑ ካሴት ነበር የሚያጫውተው። ካሴቱ በተጠመጠመ ቁጥር ባለቤቱ በር ላይ ወጥቶ በእስክሪብቶ እያዞረ ያስተካክለዋል፤ እኛም ዘፈኑ ከተቋረጠበት እስኪቀጥል ወተታችንን ይዘን እንጠብቃለን። ዛሬ ያቺ ቤት የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆናለች። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ከታክሲው መስኮት አየኋትና ፊቴን አዞርኩ።

ወተት ሲመጣልኝ እለካለሁ፣ ውሃ እንዳልገባበት በመለኪያ አያለሁ፣ ትንሽ ቀድቼ ከአልኮል ጋር ቀላቅዬ እፈትናለሁ። ይህን ሁሉ የምናገረው በከንቱ አይደለም። አዲስ የወለደች ላም የመጀመሪያ ቀናት ወተቷ እንገር ነው፤ እሱን ማንም አያመጣም፣ ቤት ይበላል። እንገሩ አለቀ ብለው ቸኩለው ካመጡትም ስፈትነው ይቋጠራል። «እንኳን ማርያም ማረቻት! ምን ወለደች?» እላለሁ። እነሱም በደስታ ይነግሩኛል። ስለዚህ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ መንገድ ድረስ የማን ላም መቼ እንደወለደች፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ገበሬው ይህን ሲነግረኝ እንደ ቤተሰብ ቆጥሮኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ግርማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ ቡራዩ የከብት ገበያ ደላላ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ «እትዬ» ሲለኝ ሁሉንም እሺ የምለው ለዚያ ነው። አንድ ቀን ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ መስኮቴ ላይ ተደግፎ ቆመ። ጥጃ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ቀጥሮታል። ከነነፍሱ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚሄደው፣ እዚያ አሳድገው አድልበው ያርዱታል አለኝ። ሦስትና አራት ወር የሞላው ጥጃ ነው የሚፈልጉት። «እትዬ፣ ሰሞኑን የማን ላም ወለደች?» አለኝ። ነገርኩት። ምን ክፋት ነበረው? ወተት የሚሸጥ ሰው ወንድ ጥጃ ቢወለድለት የእናቱን ወተት ይጠጣብኛል ብሎ ነው የሚያየው። አሁን ግን በሩ ድረስ መጥቶ የሚወስድለት ተገኘ። በዚያ ዓመት በየመንደሩ ሣር ቤቱ በቆርቆሮ ተቀየረ፤ ፀሐይ ስትወጣ ዳገቱ ሁሉ ያብለጨልጭ ነበር። አንዳንዱ ሬዲዮ ገዛ፣ አንዳንዷ ለልጇ ሰርግ ጥልፍ ቀሚስ አሰፋች። ገበሬው ግርማን ሲያየው ከሩቅ «አካም ጅርታ!» እያለ እጁን ያነሳለት ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና በእንጨት ታጥሮ ይመጣል፣ በሳምንቱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አልቆጠርኩም።

የኛ አገር ላም ግን ጥጃዋን ሳታይ ወተቷን አትለቅም። ጥጃው መጀመሪያ ይጠባል፣ እሷም ስትልሰው ግቷ ይሞላል፣ ከዚያ ነው የምትታለበው። ጥጃዋ ከሞተ ገበሬው ቆዳውን ገፎ፣ አድርቆ፣ ጭድ ሞልቶ ፊቷ ያቆምላታል። እሷም ያንን ቆዳ እየላሰች ትታለባለች። ልጅ ሆኜ ሳየው ያስፈራኝ ነበር፤ ዓይን የሌለው ጥጃ። በቁሙ የተሸጠ ጥጃ ግን ቆዳውንም ይዞ ነው የሚሄደው። ላሞቹ የሚልሱት አጡ። መጀመሪያ የወተቱ መጠን ቀነሰ፣ ከዚያ የሚያመጡት ሰዎች ቀነሱ። ወደ ማምሻው ላይ፣ ከብት ወደ በረት በሚገባበት ሰዓት፣ ከሜዳው የሚመጣው ድምፅ ተለወጠ። ላም ጥጃዋን ስትጠራ አጠር አድርጋ፣ በአፍንጫዋ ነው። ያኔ የሰማነው ግን ረጅም ነበር። ሻይ ቤቱ ቴፑን ከፍ አደረገው።

ኦቦ ደቻሳ፣ የአዴ ብርቄ ባል፣ ወንዱን ጥጃ ይሸጡ ነበር። ሴቷን ግን በፍጹም። ዳልቻ የምትባል፣ እንደ ስሟ አመድማ የሆነች ላም ነበረቻቸው። ያን ዓመት ነጋዴው ሴትም ወንድም ሳይል መሰብሰብ ጀምሯል። አንድ ጠዋት ኦቦ ደቻሳ ወተታቸውን አስረክበው፣ ሰው እስኪሄድ ቆዩና ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ዘነበች፣ ዳልቻ ሴት ወልዳለች። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ለወንድምሽ እንዳትነግሪብኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አልኳቸው።

«ወንዱ ሄደ፣ ይሂድ። ሴቷ ከሄደች ግን ቤት ነው የሚሄደው» አሉኝ።

ወሩ አልፎ ወር ተተካ። አንድ አርብ ግርማ ጭኖት የሚሄደው ጎድሎበት ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። ነጋዴው ካልሞላህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሎታል። ራሱን በእጁ ይዞ ደረጃዬ ላይ ተቀመጠ። ያሳደግኩት ልጅ ነው። «የኦቦ ደቻሳ ዳልቻ ሴት ወልዳለች፤ ግን አይሸጡልህም፣ ባትደክም ይሻላል» አልኩት። ይህን ነው ያልኩት። አይሸጡልህም ማለቴን ለራሴ ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ። ነገር ግን ስለ ጥጃዋ የነገርኩት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ኦቦ ደቻሳ ጫንጮ ዘመድ ሞቶባቸው ለቀብር ሄዱ፤ እስከ ሰኞ አልተመለሱም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መኪናው በመስኮቴ ፊት ሲያልፍ፣ ከእንጨቱ መሃል አንገቷን ያወጣች ግንባሯ ነጭ የሆነ ጥጃ አየሁ። አመድማ ነበረች። መስኮቱን ዘጋሁት። ወረፋ የቆሙት ሰዎች «ምነው ዘነበች?» አሉኝ፣ «አቧራው ነው» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ስመጣ ዳልቻ ከመሰብሰቢያው ፊት ቆማለች። መኪናው ያለፈበትን መንገድ እያሸተተች ነው የመጣችው። ግርማ ጥጃዋን ሲጭን ያሰረበትን ገመድ በዚያ ሲያልፍ አጥራችን ላይ ሰቅሎት ሄዶ ነበር፤ እሷም ያንን ገመድ ትልሰዋለች። አትጮህም። ግቷ ተወጥሮ ወተቱ በራሱ ጊዜ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሰዉ ሁሉ ማሰሮውንና ቆርቆሮውን እንደያዘ ያያታል። ኦቦ ደቻሳ ከጫንጮ ሲመለሱ በተጨማደደ የሐዘን ልብሳቸው መጥተው አንገቷን አቅፈው ወሰዷት። እኔን አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ሁልጊዜ ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ዘነበች?» የሚሉኝ ሰው ያን ቀን ምንም አላሉኝም። ከዚያም በኋላ ምንም ሳይሉኝ ኖረው ሞቱ። ዳልቻ ማክሰኞም መጣች፣ ረቡዕም። በሳምንቱ ገመዱን አውልቄ ቀበርኩት። ያኔም መጥታ የተሰቀለበትን እንጨት ላሰች። በመጨረሻ ለሥጋ ቤት ሸጧት፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው የየራሱን ቁራጭ ነው የሚያውቀው። ወንዱ ጥጃ ባሕር ከተሻገረ በሬ ከየት ይምጣ? ክረምት ሲገባ የሚያርሱበት ጥማድ ያጡ ገበሬዎች እየተዋዋሱ ማረስ ጀመሩ፣ ተራ ያልደረሰው ዘሩ ያልፍበታል። ሴቷ ከሄደች ደግሞ የሚቀጥለው ጥጃ ከማን ይወለድ? ባለቤቴ ሰበታ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፤ ልብሱን ሳጥብ ውሃው ቡናማ የሚሆን፣ የሚሸት ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ሳይሸት መጣ፣ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሳይሸት መጣ። «የሚነከር የለም፣ ቆዳው በራሱ እግር ሄዷል» አለኝ። ቀን ቀንሰው ያሠሩት ነበር፣ በኋላ አሰናበቱት። የኔም መስኮት አንድ የጾም መግቢያ ላይ ለጊዜው ተብሎ ተዘጋ። ፋሲካ ሲደርስ የሚከፍተው አልመጣም። እኛም ወደ ቡራዩ ተዛወርን። አሁን ወጣቱ ሥጋ ለምን እንዲህ ተወደደ፣ ወተት ለምን ጠፋ እያለ ሲከራከር እሰማለሁ። አንዱ መኖውን፣ አንዱ መሬቱን፣ አንዱ ነጋዴውን ይላል። ሁሉም እውነት ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን እነዚያ ላሞች ሜዳው ላይ በአንድነት ሲጮሁ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ከአገሩ ምን እየወጣ እንደነበር በዚያ ድምፅ ነው የገባኝ። ቡራዩ ግቢያችን ውስጥ ከዶሮ በስተቀር እንስሳ የለም። ሆኖም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዛሬም ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሰማሽ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ።

ግርማ ያን ቅዳሜ የተጫኑትን ጥጆች ተከትሎ እስከ ባሕሩ ድረስ ሄዶ ነበር። ነጋዴው አብረህ ሂድና አስረክብ ብሎት፣ እሱም ባሕር ለማየት ጓጉቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ገዝቶ ነው የሄደው። በአሥራ አምስት ቀኑ ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሸሚዙ የለም። ጃኬቱን ለልመና ለመጣ ሰው ሰጠው። ወተት አቀረብኩለት፣ ገፋው። ያየውን የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ዳግመኛ አላነሳውም፣ ለሌላ ሰውም አልተናገረም። ጥጃዋን ማን እንደሸጠለት እኔም አልጠየቅኩትም። በረሃው ላይ ሲደርሱ መኪናው ላይ የቆሙት ጥጆች እየወደቁ፣ የወደቁት እየተረገጡ ሄዱ። የሱሉልታ ውርጭ ውስጥ የተወለደ ጥጃ ያን ሙቀት ከየት ያውቀዋል? ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ተቀባዩ ደክመዋል፣ ታመዋል፣ አልቀበልም አለ። ጥላ በሌለበት አጥር ውስጥ ቀናት ቆዩ። የኦቦ ደቻሳን ጥጃ በግንባሯ ነጭ ለይቷታል። ለራሱ የያዘውን ውሃ በመዳፉ እያደረገ አጠጣት። ሁለት ቀን እንዲህ አቆያት። «እትዬ፣ ውሃውን ከጨረሰች በኋላ ጣቴን ትጠባው ነበር» አለኝ። በሦስተኛው ቀን አልተነሳችም።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ሰበታ ድንኳን ውስጥ የቆምኩት። ልወጣ ዞር ስል «አንቺ፣ የወተቷ ልጅ!» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን አዩኝ። ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ከልጃቸው ጋር ሰበታ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የሱሉልታው መሬት ሰው ሠፍሮበታል። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለሞቱ ሰዎች አወራን። ውስጤ ግን ሌላ ነገር ነበር። እኔም ዕድሜዬ እየሄደ ነው፤ እዚያ ካልተናገርኩ የትም አልናገርም።

«አዴ ብርቄ፣ ልንገርዎ የምፈልገው ነገር አለ። የዳልቻን ጥጃ ለግርማ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ደቻሳ እንዳትነግሪ ብለውኝ ነበር።»

 እጄን ግን አልለቀቁም። ድንኳኑ ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ ሕፃናት ይዘላሉ።

«እኔ ነኝ ያስጠራሁት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ወንድምሽን። ሽማግሌው ጫንጮ ሲሄድ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ና ውሰዳት ብዬ ላክሁበት። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቆርቆሮ አልብሰዋል፣ የኔ ሣር ቤት ክረምት ክረምት አልጋዬ ላይ ያፈሳል። ስንት ዘመን ለመንኩት፣ እሺ አላለም። ቆርቆሮ ነው ያማረኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሽማግሌው ሲመለስ ምን ልበለው? የዘነበች ወንድም ብሩን ጥሎልኝ በግድ ወሰዳት፣ የነገረችውም እሷ ናት አልኩት። ባንቺ አሳበብኩ። ሳልሞት ይቅር በይኝ።»

ኦቦ ደቻሳ እስከ መጨረሻው ሰላምታ የነፈጉኝ ለዚህ ነበር። መናደድ ነበረብኝ ይሆናል። ነገር ግን አዴ ብርቄ በውሸት የከሰሱኝ የሠራሁትን ነገር ነው፤ ምን ብዬ ልናደድ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳቸው፤ «እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።» ሁለታችንም አለቀስን። አሳላፊዋ ልጅ ደንግጣ ውሃ አመጣችልን።

«ቆርቆሮው ተመታልኝ» አሉ ቆይተው። «ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሲመታው እንቅልፍ አልነበረኝም። ሽማግሌው አጠገቤ ተኝቶ ዳልቻ ናት ይል ነበር። እኔም የሰማሁት እሷን ነው፣ ግን ዝናብ ነው እለው ነበር።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። 

«ወንድምሽ ነግሮሽ ይሆናል። ያቺ ጀቢ፣ ያቺ ጥጃ፣ ደረሰች?»

ግርማ ሲነግረኝ የነበረው ፊቱ መጣብኝ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። የአዴ ብርቄ እጅ እጄ ውስጥ ነበር፤ ቆዳና አጥንት ብቻ።

«ደርሳለች» አልኩ።

«ከባሕሩ ማዶ?»

«ከባሕሩ ማዶ። ግርማ ራሱ እስከ መርከቡ ሸኝቷታል። የወሰዳት ሰው ሴት ጥጃ ናት፣ አላርዳትም፣ አሳድጋታለሁ ብሎ ለብቻዋ አስሯት ነበር። ግርማም በኋላ ልኮ አስጠይቆ ነበር።»

«ሣር አለ እዚያ?»

«ያመጡላታል።»

 ዘፈኑ አልቆ ሌላ ጀመረ። ልጃቸው ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ እንሂድ ይላቸዋል፣ እሳቸው አላዩትም።

«ወልዳ ይሆን?»

«ወልዳለች።»

«ስንት?»

«ሦስት» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

አዴ ብርቄ እጃቸውን ከእጄ አውጥተው ሦስት ጣታቸውን ዘረጉና አዩዋቸው። «ሰዲ» አሉ ለራሳቸው በኦሮምኛ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሲላላ አየሁ። ልጃቸው መጥቶ ብብታቸውን ይዞ ሲያነሳቸው፣ ምርኩዛቸውን ሳይቀበሉ እንደገና ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«ዘነበች፣ ስንቱ ሴት ነው?»

«ሦስቱም» አልኳቸው። «ሦስቱም ሴቶች ናቸው።»